የወሩ ሸበጠኞች

ሰው ሲያፍር «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» ይላል። እኔ ይህን አባባል አፌ ላይ ካመጣሁት ሁለት ዓመት አለፈኝ። በከተማችን በሳንታ ኤዲቪጅስ መሬት የምሯን ነው የምትውጠው። ከዲሴምበር እስከ ማርች ዝናቡ ሲወርድ ተራራው ላይ የተንጠለጠለው ሰፈር ሁሉ ናዳ ፈርቶ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚተኛው። ስለዚህ አፍሬያለሁ ብቻ ብዬ ልጀምር። አፍሬያለሁ፤ ሰበብ ሳልደረድር እንዴት እንደሆነ እናገራለሁ።

ስሜ ኢቫንድሮ ነው። የምሠራው ከከተማው በላይ ባለው የሳይንስ ስሌት ማዕከል ነው። እዚያ ጃንዳያ የምንላት ማሽን አለች። በአፋችን አንዲት ማሽን እንበላት እንጂ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኮምፒውተሮች ባንድ አዳራሽ ተደርድረው አብረው የሚያሰሉባት ናት። የአገሩ ተመራማሪ ሁሉ፣ የመድኃኒቱም የነዳጁም የከዋክብቱም ሰው፣ ስሌቱን ይልክና ወረፋ ይጠብቃል። ማን መቼ እንደሚገባ፣ ስንት ኮምፒውተር እንደሚሰጠው፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚወስኑት ዶና ዞራይዴ ነበሩ። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንድ ስልክና አንድ ወፍራም ደብተር ይዘው።

ዶና ዞራይዴ በወረቀት ላይ ያለውን አያምኑም። ስሌት ላኪው «አርባ ሰዓት ያስፈልገኛል» ብሎ ከጻፈ እሳቸው ዐሥር ብለው ያነቡታል። ስሌቱ መሃል ላይ እንዳይቋረጥበት ፈርቶ ሁሉም እጥፍ ነው የሚጠይቀው፤ ማን በስንት እጥፍ እንደሚዋሽ ደግሞ በቃላቸው ያውቁታል። «ይሄ የከዋክብቱ ልጅ አራት እጥፍ ነው የሚዋሸው። ነዳጆቹ ሁለት። ያቺ የመድኃኒቷ ልጅ ግን እውነቷን ነው የምትጽፈው፤ እናቷ በሥርዓት አሳድጋታለች» ይላሉ። ስልካቸውን ያነሡና «ልጄ፣ ለሁለት ሰዓት ቦታህን ለጎረቤትህ ልቀቅለት፤ ማታ እክስሃለሁ» ሲሉ እምቢ ያለ ሰው አላየሁም።

አሁን ስለ ሸበጥ ልናገር። በኛ አገር ሰው ጤና ጣቢያ በር ላይ ወይም የውሃ ቦቴ ሲጠብቅ እግሩ ከደከመው ሸበጡን ተራው ላይ ትቶ ጥላ ሥር ሄዶ ይቀመጣል። ሸበጡን የሚነካ የለም። ሸበጡ እንደ ሰውየው ይቆጠራል። በማዕከላችንም ሸበጥ ነበር። አንዱ ምንም የማይሠራ፣ ቦታ ይዞ ዝም ብሎ የሚተኛ ስሌት ይልካል፤ እውነተኛው ስሌት ሲደርስለት ሸበጡን ያነሣና እሱን በቦታው ያስገባል። ደንቡ ይከለክላል፤ ሁሉም ያደርገዋል።

እኔም አድርጌዋለሁ። የዶክትሬት ትምህርቴን ስጨርስ የመጨረሻው ስሌቴ ሁለት ጊዜ ተበላሸብኝ። ሰኞ ካላስረከብኩ አራት ዓመቴ ውሃ ሊበላው ነው፤ የተመደበልኝም ሰዓት አልቋል። አርብ ከሰዓት በኋላ ዶና ዞራይዴ ክፍል ገብቼ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላኝ ጎረምሳ፣ አለቀስኩ። መነጽራቸውን አደረጉና በስማቸው ሸበጥ አስገቡልኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ሁለት መቶ ኮምፒውተር። «ሂድና ፊትህን ታጠብ፤ ከዚያ ና ሥራህን ላክ» አሉኝ። ዛሬ ዶክተር የምባለው በሳቸው ሸበጥ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ዶክተር ከሆንኩ በኋላ እዚያው ማዕከል ተቀጠርኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኃላፊያችን ዶክተር ታርሲዚዮ ጠሩኝና ወረፋው በሰው ጭንቅላት መመራቱ እንዲያበቃ፣ ተራውን በራሱ የሚያስይዝ ፕሮግራም እንድሠራ አዘዙኝ። እኔም ደስ አለኝ። እውነት እንነጋገር ከተባለ ሥራውም ያስፈልግ ነበር። ዶና ዞራይዴ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ጡረታቸው ደርሷል፤ የጭንቅላታቸው ነገር ግን ወራሽ አልነበረውም። ፕሮግራሜ የሃያ ሦስት ዓመት መዝገብ አንብቦ የየሰውን ውሸት እንደሳቸው መገመት ቻለ። እንዲያውም አንዳንዱን ከሳቸው የተሻለ። እስከዚህ ድረስ ባበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር።

ግን ሸበጥ ገዳዩን ጨመርኩበት። ሩብ ሰዓት ሙሉ ምንም ያልሠራ ስሌት ካለ ፕሮግራሙ ያባርረዋል። ሦስት ጊዜ የተያዘ ደንበኛ ለአንድ ወር ከወረፋው ግርጌ ይጣላል፣ ስሙም ምግብ አዳራሹ በር ላይ ባለው ስክሪን «የወሩ ሸበጠኞች» ተብሎ ይወጣል። ይህን ክፍል አንድ ቀን ከሰዓት ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት። ሸበጥ ምን እንደሚመስል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለማ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ጠጠሩን የምመልሰው እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ፕሮግራሙ ሥራ ሊጀምር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አርብ ዕለት፣ ምሳ ላይ ነን። አርብ ፌይጆአዳ የምንለው የጥቁር ቦሎቄና የሥጋ ወጥ ስለሚቀርብ አዳራሹ ጢም ብሏል። ዶና ዞራይዴ ሳህናቸውን ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ኢቫንድሮ ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። የስድስት ሰዓቱን ሸበጥ እንዳትነካብኝ።»

«የቱን ሸበጥ?» አልኩ፣ እያወቅሁ።

«የጄኒልሶንን። የናዳውን። ዝናቡ እስኪያልፍ ብቻ።»

ጄኒልሶን የከተማው አስተዳደር የአፈር ባለሙያ ነው። በከተማው ውስጥ ናዳን የሚከታተል ሰው እሱ ብቻ ነው። ሞሮ ዳ ቢካ በሚባለው ኮረብታ ላይ የዝናብ መለኪያ ተክሏል። ደመናው ብዙውን ጊዜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ይከመራል፤ ያኔ ልኬቱን ለጃንዳያ ይልካል፣ እሷም በአንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ውስጥ ተዳፋቱ ይቆም እንደሆነ፣ ካልቆመም መቼ እንደሚወርድ ትነግረዋለች። ትንበያው ሲወጣ ሳይረን ይነፋል፣ ሰዉ ናዳው ወደማይደርስበት ትምህርት ቤት ይወርዳል። ችግሩ አስተዳደሩ ተመራማሪ ባለመሆኑ ደንቡ የሰጠው ቦታ የመጨረሻው መሆኑ ነው። ዶና ዞራይዴ ሁለት ጊዜ ለኮሚቴው አመልክተው «ከከንቲባው ቢሮ ደብዳቤ ይምጣ» ተብለዋል። ደብዳቤው አልመጣም። ስለዚህ በዝናብ ወራት በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በጄኒልሶን ስም ሸበጥ ያስገባሉ፤ ስድሳ ኮምፒውተር፣ ባዶውን ተኝቶ የሚጠብቅ።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። መዝገቡን ሳነብ አይቼዋለሁ። ግን አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር፣ ሁሉም ጆሮውን ወደኛ ጥሏል፣ እኔ ደግሞ የሰሞኑ ጀግና ነኝ።

«ዶና ዞራይዴ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ማሽኗ እኮ እግር የላትም፤ ሸበጥ ምን ያደርግላታል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባልደረባዬ ኬይላ ከወዲያኛው ጠረጴዛ «ተዉአት፣ በባዶ እግሯ ትሩጥ!» ብላ ጨመረችበት። ዶና ዞራይዴም ሳቁ። ሹካቸውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡ፣ አፋቸውን በወረቀት ጠረጉ።

«እሺ ልጄ» አሉ።

ከዚያ በኋላ አላነሡትም። በጃንዋሪ መጨረሻ ኬክ ተቆርሶላቸው በጡረታ ተሰናበቱ። እኔ ንግግር አላደረግሁም፤ ሥራ በዝቶብኛል አልኩ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ ሦስት፣ ፕሮግራሙ ሥራ ጀመረ። ዶና ዞራይዴ ከመሄዳቸው በፊት ሸበጥ እንዴት እንደሚላክ ለጄኒልሶን አስተምረውት ኖሮ ሰኞ ላከ፤ ተባረረ። ማክሰኞ ላከ፤ ተባረረ። ረቡዕ ሦስተኛውን ላከና የናዳው ስሌት ለአንድ ወር ከወረፋው ግርጌ ተጣለ። ሐሙስ ጠዋት ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው ሸበጠኛ ሆኖ ወጣ፤ «የከተማ አስተዳደር፣ ሞሮ ዳ ቢካ፣ ሦስት ጊዜ» ይላል። ቡና ይዤ ሳልፍ አየሁት። ፕሮግራሙ እየሠራ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያኑ ቀን ደብዳቤ ደረሰኝ።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር ኢቫንድሮ። ዶና ዞራይዴ እንዳሳዩኝ አድርጌ ነው የምልከው፣ ግን ይጠፋብኛል። እኔ የአፈር ሰው ነኝ፣ በዚህ ነገር ብዙም አይደለሁም፤ ምናልባት አንድ ነገር እያሳሳትኩ ይሆናል። ዝናቡ ደግሞ መጥቷል። ምን እንዳጠፋሁ ቢነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው። ጄኒልሶን።»

ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አላየሁትም ብል ውሸት ነው። ከዚያ ለሁሉም ብዬ ያዘጋጀሁትን መልስ ነክቼ ላክሁለት፤ «እባክዎ የአጠቃቀም ደንቡን ያንብቡ» የሚለውን።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ከዋና ከተማው እንግዶች መጡ። በትልቁ አዳራሽ ቆሜ ፕሮግራሜን አሳያለሁ። ከጀርባዬ ግድግዳውን በሞላ ስክሪን ላይ ወረፋው በቀጥታ ይታያል። «ዘጠና ስምንት ከመቶ ሙሉ» እላለሁ፤ «አንድም ባዶ ተኝቶ የሚያድር ቦታ የለም።» ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ዶና ዞራይዴ። ገለበጥኩት። እንደገና ተንቀጠቀጠ፣ ሦስተኛም ጊዜ። አንዱ እንግዳ «ሚስትህ ናት መሰለኝ፣ አንሣላት እንጂ» ብሎ ቀለደ። «የድሮ ባልደረባ ናት፣ ጡረታ አሰልችቷት ነው» አልኩ፤ ያውም አንቱታውን ጥዬ። ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድብ ስለነበር ሰው እንዲሰማኝ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አልኩ።

የኋላውን የሰማሁት ከሰፈሩ ሰዎች ነው። የዶና ዞራይዴ ቤት ሞሮ ዳ ቢካ ግርጌ ነው። የጃንዳያ ወረፋ ለሁሉም የተከፈተ ስለሆነ በጡረታም ላይ ሆነው በስልካቸው ያዩታል፤ ሃያ ሦስት ዓመት የያዙት ነገር ባንድ ቀን አይለቅም። ጄኒልሶን ስምንት ሰዓት ላይ ስሌቱን እንደላከ አዩ። ተራው ሃያ አራተኛ እንደሆነም አዩ። ለኔ ደወሉ። ለከተማው አደጋ መከላከል ደወሉ፤ «ትንበያው ሳይደርሰን ሳይረን አንነካም» ተባሉ። እንደገና ለኔ ደወሉ፣ ሁለት ጊዜ። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ፤ ተራው ሃያ አንድ ሆነ። ከዚያ ድስትና ጭልፋ ይዘው ወጡ።

ሞሮ ዳ ቢካ መኪና አይወጣበትም። መቶ ሰማንያ ደረጃ ነው። በዚያ ጉልበታቸው፣ ደረጃው ወንዝ ሆኖ ሳለ፣ ድስቱን እየደበደቡ በየበሩ ጮኹ። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀባቸው አሉ። «ዶና ዞራይዴ ጡረታው አናታቸው ላይ ወጣ» ያለም ነበር። እሳቸው ግን ልጆቹን በየስማቸው ይጠራሉ፤ ልጇ የተጠራባት እናት ዝም ብላ አትቀመጥም። አንዷ ወጣች፣ ሌላዋ ተከተለች። ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የመጨረሻዎቹ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲወርዱ ዶና ዞራይዴ ደረጃው ላይ አዳለጣቸውና እግራቸው ተሰበረ። ሁለት ጎረምሶች ተሸክመዋቸው ወረዱ።

ለዐሥራ ሁለት ዐሥር ጉዳይ ሲሆን ተዳፋቱ ወረደ። ዐሥራ አንድ ቤት ይዞ።

የጄኒልሶን ስሌት ተራው የደረሰው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ትንበያው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ላይ ወጣ። «ተዳፋቱ ከዐሥራ አንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወርዳል» ይላል። አልተሳሳተም። ሳይረኑም ያኔ ተነፋ፣ ባዶ ፍርስራሽ ላይ።

በዚያ ቀን ማንም አልሞተም። ይህን ዶና ዞራይዴ አደረጉት፤ እኔ ያደረግሁት ሌላ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ፣ የናዳውን ስሌት ቅጣት አነሣሁ፣ ከሁሉ በላይ ቅድሚያ ሰጠሁት። አራት መስመር ብቻ ነበር። ከሁለት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም አጠፋሁ። ለማንም ምንም አልተናገርኩም። ጋዜጣው «ሳይረን ተነፋ፣ ነዋሪዎች ቀድመው ወጥተዋል» ብሎ ጻፈ፤ ቅደም ተከተሉን የመረመረ አልነበረም። ዶክተር ታርሲዚዮ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ፕሮግራምህ በሁለተኛው ሳምንቱ ሕይወት አዳነ» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እንጃ፤ መልሼ ዘጋሁት።

አንድ ጊዜ የተዋጠ ቃል ሁለተኛ ለማውጣት ይከብዳል። በየቀኑ ነገ እላለሁ። ዶና ዞራይዴን ልጠይቃቸው ሆስፒታል ድረስ ብርቱካን ይዤ ሄጄ በሩ ላይ ተመለስኩ። ብርቱካኑን ለጥበቃው ሰጠሁት።

ማርች መጨረሻ ላይ ከተማው ለማዕከሉ የምስጋና ሰሌዳ ሊሰጥ ሥነ ሥርዓት ተዘጋጀ። ያው ትልቁ አዳራሽ። የሞሮ ዳ ቢካ ሰዎች ተጋብዘዋል፤ ዶና ዞራይዴም ክራንቻቸውን ይዘው የኋላ ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከተረፉት እንደ አንዷ። ዶክተር ታርሲዚዮ ንግግር አደረጉ። «የሰው እጅ ሳይነካው» አሉ፣ «ወረፋው ራሱን አስይዞ፣ ትንበያው በሰዓቱ ወጥቶ!» ከዚያ ስሜን ጠሩ። ጭብጨባው ወደ መድረኩ ገፋኝ። ሰሌዳውን ተቀበልኩና «አመሰግናለሁ» አልኩ። ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ዶና ዞራይዴን አየኋቸው። ይቆጡ ይሆናል፣ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ጭናቸው ላይ ያሉትን እጆቻቸውን ያያሉ። ልጇ ሰው መሃል የሰረቀባት እናት እንዲህ ታደርጋለች። እኔ ማፈር ሲገባኝ እሳቸው አፈሩልኝ።

ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ የአይብ ዳቦና ጭማቂ ቀረበ። ሰዉ እየተሳሳቀ ይበላል። ዶና ዞራይዴ በክራንቻቸው እያዘገሙ አጠገቤ መጡና ግድግዳውን ተደገፉ።

«እንዴት ነው እግርዎ?» አልኩ።

«እግሬን ተወው። ጄኒልሶንን አየኸው?»

ከመስኮቱ አጠገብ የወረቀት ሳህን ይዞ ብቻውን ቆሟል። ከስቷል። ሳህኑ ላይ ያለውን አልነካውም።

«ሥራውን ሊለቅ ነው» አሉ። «ወደ መንገድ ክፍል አዛውሩኝ ብሎ ጽፏል። ከነገ ወዲያ ያስረክባል።»

«ለማን?»

«ለማንም! ማን አለና? ተራራውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ ስሌት የሚልክም የለም፤ አንተ ቅድሚያ ብትሰጠው ባትሰጠው።» ቅድሚያውን በስልካቸው አይተውታል ማለት ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ነው የሚለቀው። ዶና ዞራይዴ አሳይተውኝ እንኳ አልቻልኩም፣ አሳስቼ ልኬ ሕዝብ ላስፈጅ ነበር ይላል። ሌሊት እንቅልፍ የለውም፣ ሚስቱ ነገረችኝ።»

«እርስዎ አልነገሩትም?»

«ዐሥር ጊዜ ነገርኩት። ሊያጽናኑኝ ነው እያለ አያምነኝም። ካንተ ነው መስማት ያለበት።»

«ነገ ጠዋት ቢሮው ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ» አልኩ።

ዶና ዞራይዴ መነጽራቸውን ከደረታቸው አንሥተው ዐይናቸው ላይ አደረጉና ትክ ብለው አዩኝ።

«ያኔ አርብ ዕለት ንፍጥህንና እንባህን በእጅጌህ እየጠረግህ ስትመጣ፣ እኔ ነገ አልኩህ?»

ክራንቻቸውን ወደ ጭማቂው ጠረጴዛ አዞሩ።

ለብቻው ጠርቼ በጆሮው ልንገረው ብዬ ሁለት እርምጃ ወደ ጄኒልሶን ሄድኩ። ከዚያ ቆምኩ። ዶና ዞራይዴን ያሾፍኩባቸው አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነበር። የናዳውን ስም የሰቀልኩት ምግብ አዳራሽ በር ላይ ነበር። በጆሮ የሚነገረው ለኔ እንዲመቸኝ ነው። ከአዳራሹ ወጥቼ ኮሪደሩ ውስጥ ምግብ አዳራሹ በር ላይ ካለው ስክሪን ሥር ቁልፍ ሰሌዳውን አወጣሁ። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት።

«የወሩ ሸበጠኞች። አንደኛ፦ ኢቫንድሮ፣ የዚህ ፕሮግራም ሠሪ። ፌብሩዋሪ 11 የሞሮ ዳ ቢካን የናዳ ስሌት ሦስት ሰዓት ያስቆመው እሱ የጻፈው ቅጣት ነው። ጄኒልሶን በደብዳቤ ጠይቆት አንብቦ በቅጡ አልመለሰለትም። ዶና ዞራይዴ ሦስት ጊዜ ደውለውለት አላነሣም። ሰዉን ያወጡት ዶና ዞራይዴ ናቸው። ራሱ ዶክትሬቱን ያገኘው በሳቸው ሸበጥ ነው።»

ሰዉ እየተሳሳቀ ከአዳራሹ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ቆሙ፣ የኋለኞቹ ተገፈታተሩባቸው፣ ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ኬይላ አፏን በእጇ ያዘች። ዶክተር ታርሲዚዮ ጠጋ ብለው አነበቡና ክንዴን ጨበጡኝ።

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው ይሄ? አሁኑኑ አጥፋው!»

«ደንቡ ነው ዶክተር» አልኩ። «የተያዘ ሰው ስሙ ሠላሳ ቀን ይቆያል።»

ጄኒልሶን ከሰዉ መሃል መጣ። ቀስ ብሎ አነበበ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ሲጨርስ ከመጀመሪያው እንደገና ጀመረ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«እኔ አልተሳሳትኩም ነበር?»

«አልተሳሳትክም። ሦስቱንም ጊዜ በትክክል ነው የላክኸው።»

«ደብዳቤዬ ደርሶህ ነበር?» እስከዚያ ደቂቃ ድረስ አንቱ ነበር የሚለኝ።

«ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ አይብ ዳቦዎቹ እንዳሉ ናቸው።

«ስድስት ሳምንት» አለ። «ስድስት ሳምንት በዚያ ሰፈር ሳልፍ ልጆቹ ጄኒልሶን ብለው ሲጠሩኝ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።»

ወደ ዶና ዞራይዴ ሄደ፣ ክንዳቸውን ያዘ፣ ደረጃውን ቀስ እያሉ አብረው ወረዱ። ይቅርታ አድርግልኝ ያልኩት ጀርባው ከተሰወረ በኋላ ነው፤ የሰማችኝ ኬይላ ብቻ ነበረች።

ጄኒልሶን የመዛወሪያ ደብዳቤውን ሳበ። ኮሚቴው ለናዳው ስሌት ቋሚ ቦታ ሰጠ፤ ዶክተር ታርሲዚዮ የከንቲባውን ደብዳቤም ሳይጠይቁ ፈረሙ። እኔን ለሦስት ወር ከሥራ አገዱኝ፣ ከዚያ መለሱኝ። የጃንዳያን ወረፋ ዛሬም የሚያስይዘው ያ ፕሮግራም ነው፤ ጥሩ ይሠራል። ሸበጥ ገዳዩን ግን አውጥቼዋለሁ። ዶና ዞራይዴ አንዳንድ አርብ ፌይጆአዳ ሊበሉ ይመጣሉ፣ አጠገቤም ይቀመጣሉ። እሳቸው ይቅር ብለውኛል፤ እሳቸው እንዲህ ናቸው።

ጄኒልሶን ግን በዝናብ ወራት በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ይደውልልኛል። ቦታው በቋሚነት የተያዘ መሆኑን ያውቃል፣ በስልኩም ያየዋል። ሆኖም ይደውላል።

«ተይዟል?» ይላል።

ምንም እየሠራሁ ብሆን ትቼ፣ ስክሪኑ ላይ በዐይኔ አይቼ፣ «ተይዟል» እላለሁ።

ሰላም ሳይለኝ ይዘጋዋል።